ሲያልቅ አያምር

እኔ የስልኬን ባትሪ በመጠበቅ የምታማ ሰው ነኝ። ከ20 በመቶ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም፤ ከ80 በላይ እንዲወጣም እምብዛም አልወድም። ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼ አልተኛም፤ ትራስ ሥር አላስቀምጥም፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትቼው አልወርድም። ካፌ ስገባ ሌላው ሰው መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበር ሲፈልግ እኔ ሶኬት አጠገብ ያለውን እፈልጋለሁ። አንድ ወዳጄ “ለጨጓራህ እንዲህ ብትጠነቀቅለት ኖሮ እኮ እስካሁን ቁርጥ ትበላ ነበር” ብሎኛል። እውነቱን ነው።

ይኼን ሁሉ የምዘረዝረው ለመኩራራት አይደለም፤ ወደ ኋላ ለምነግራችሁ ጉዳይ ስለሚያስፈልገኝ ነው። ባትሪው መቼም አልቆበት የማያውቅ ሰው “ባትሪዬ አልቆ ነው” ብሎ ሲዋሽ፣ ውሸቱ ከሌላው ሰው ውሸት ይከብዳል ወይስ ያው ነው? ይኼ ጥያቄ ከ2016 ዓ.ም. ሰኔ ጀምሮ አልለቀቀኝም።

በመጀመሪያ ግን ስለ ውሸቱ ራሱ ትንሽ እናውራ። የመስመር ስልክ ብቻ በነበረበት ዘመን ሰው ላለመገናኘት ግብረ አበር ያስፈልገው ነበር። ስልኩ ሳሎን መሃል ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ሲጮህ የሚሮጠው ልጅ ነው። አባት ከወንበሩ ሳይነሣ እጁን እያወናጨፈ “የለም በል!” ይላል። ልጁም በዚያ ንጹሕ አንደበቱ “አባዬ የለም በል ብሎኛል” ብሎ ቁጭ! ስንቱ ተቀያይሟል በዚህ። ሞባይሉ ሲመጣ (በእኛ አገር በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ማለት ነው) “የለም” የሚባለው ነገር አከተመ። የት ይኬዳል? ኪስ ውስጥ ነው ያለው። በምትኩ “ደርሻለሁ፣ ሜክሲኮ ነኝ” ማለት ተጀመረ፤ ከጀርባ ረዳቱ “መገናኛ! መገናኛ!” እያለ እየጮኸ።

ከእነዚህ ሁሉ የባትሪው ውሸት ይበልጣል። አስቡት እስቲ። “ስብሰባ ላይ ነበርኩ” ብትሉ “የምን ስብሰባ?” ይከተላል። “ሳይለንት ላይ ነበር” ብትሉ “ለምን ሳይለንት አደረግኸው?” አለ። “ኔትወርክ አልነበረም” የሚለውም ደዋዩ ራሱ እዚያው ሰፈር ከሆነ አያዛልቅም። ባትሪ ግን ምስክር የለውም። ጥፋተኛም የለውም። አለቀ፤ በቃ። ያለቀ ነገር አይወቀስም። እንዲያውም የተዋሸው ሰው ነው መልሶ የሚያዝንላችሁ… “አይ፣ የዘንድሮ ስልክ እኮ እንዲህ ነው፣ ቶሎ ነው የሚጨርስ!”

ለመሆኑ ባትሪ እንዴት ነው የሚያልቀው? እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅር በሉኝ፤ የምወደው ርዕስ ነው።

የዛሬ ስልኮች የሚሠሩበት ባትሪ ሊቲየም አዮን ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው የጃፓኑ ሶኒ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1991። (በፈረንጆቹ 1991 ባትሪው፣ በእኛ 1991 ሞባይሉ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ በመሃሉ ግን 8 ዓመት አለ።) ለሥራው መሠረት የጣሉት ስታንሊ ዊቲንግሃም፣ ጆን ጉድኢናፍ እና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ጉድኢናፍ በዚያን ጊዜ 97 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በፊት በዚያ ዕድሜ ኖቤል የተሸለመ ሰው አልነበረም። ሰውየው ያረፉት በ100 ዓመታቸው ነው፤ የራሳቸው ባትሪ ከሠሩት ባትሪ በብዙ እጥፍ ቆይቷል ማለት ነው።

በዚህ ባትሪ ውስጥ ሊቲየም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሳል። ቻርጅ ስናደርግ ወደ አንደኛው ወገን ታጭቆ ይገባል፤ ስንጠቀም ተመልሶ ይወጣል። በተመላለሰ ቁጥር ጥቂት ጥቂቱ በመንገድ ይቀራል፤ አይመለስም። እርጅና የሚባለው ይኼ ነው። እስከ አፉ ሞልቶ ለረዥም ሰዓት መቀመጥ ያስጨንቀዋል፤ ባዶውን ብዙ መቆየትም ይጎዳዋል፤ ሙቀት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ጠላቱ ነው። አፕል የቀድሞዎቹ አይፎኖች ባትሪ 500 ሙሉ ዙር ሲጨርስ ከአቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው ይላል፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ 1,000 ዙር አድርሶታል። አንድ ዙር ማለት ታዲያ አንዴ መሰካት ማለት አይደለም። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሙ ሁለቱ ተደምሮ አንድ ዙር ነው።

“አዲስ ስልክ ስትገዛ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ አድርገው፤ ከዚያ በኋላ ሙልጭ ብሎ እስኪያልቅ አትሰካው” የሚል ምክር ያልሰማ የለም። ስልክ ሻጮቹ ከቃል ኪዳን ጋር ነበር የሚያስረክቡን። ምክሩ የመጣው ከድሮዎቹ ኒኬል ባትሪዎች ነው። ባትሪው ተቀየረ፣ ምክሩ ቀረ። ብዙ ምክሮቻችን እንዲህ ናቸው።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ልጨምር። ስልኩ ራሱም ሙሉ እውነቱን አይነግረንም። 100 ሲል ባትሪው ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ ይዟል ማለት አይደለም፤ ፋብሪካው እዚያ ላይ ይብቃው ስላለ ነው። 0 ብሎ ሲጠፋም ጨርሶ አልደረቀም፤ እንዳይበላሽ ትንሽ አስቀርቶ ነው “የለኝም” የሚለን። በመሃል የሚታየውም ቁጥር ግምት ነው። ለራሱ ደኅንነት ሲል “የለኝም” የሚል ዕቃ! በኋላ ትዝ ይለኛል ይኼ ነገር።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። እታለም ነው የምንላት። ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ነው የምትኖረው። እናቴ አዲስ አበባ ሥራ ስትፈልግ እስከ 9 ዓመቴ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ቤቷ መብራት የለም። ስልኳ ያቺ ቁልፍ ያላት፣ አናቷ ላይ መብራት ያላት ትንሽ ስልክ ናት። በእታለም ቋንቋ “ባትሪ” ማለት ይኼ መብራት ነው፤ እኛም እኮ ድሮ የእጅ ባትሪ ስንል እሱን ነበር። ስለዚህ “ባትሪ አለቀ” ስትል ሁለት ነገር ነው የሚያልቅባት፤ ወሬውም፣ ብርሃኑም። ማታ ላም ስትወልድ፣ ሌሊት ውሻ ሲጮህ የምታበራው እሷኑ ነው።

ቻርጅ የምታደርገው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ የገበያ ቀን። ከመንደሯ እስከ ከተማዋ 2 ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። አንድ ሱቅ አለ፣ ስልክ በ10 ብር ቻርጅ የሚያደርግ። ጠዋት የመጣው ስልኩን ይሰጣል፤ ባለሱቁ ፕላስተር ለጥፎ ቁጥር ይጽፍበታል፤ ገበያው ሲያበቃ ይረከቡታል። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ አይቻለሁ። መደርደሪያው ላይ 50 የሚሆን ስልክ ቁጥር ቁጥሩን ለጥፎ ተሰልፏል፤ ልክ ጤና ጣቢያ ተራ እንደሚጠብቅ ሕዝብ። እታለም ያን 10 ብር ከፍላ የገዛቻትን ኃይል ሳምንቱን ሙሉ ታብቃቃታለች። ስልኳን ዘግታ ነው የምታስቀምጠው፤ ቅዳሜ ከተማ ስትደርስና ማታ ማታ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ትከፍታለች። ስለዚህ እሷ ስትደውል “እስቲ ሰላም ልበለው” ብላ አይደለም። አስባበት ነው።

ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል… በአንድ ወቅት ስልኳን ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስጥታው አገኘኋት። “እታለም፣ ምን ያደርጋል?” ብላት “ትንሽ ይነቃ እንደሆን ብዬ” አለችኝ። የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው አልነበር? ያ የድሮው ደረቅ ድንጋይ ሲሞቅ እውነትም ለጊዜው ነቃ ይል ነበር። ይኼኛውን ግን ሙቀት ይገድለዋል። ብዙ ደክሜ አስረዳኋት። ስለ ባትሪ ያስተማርኳት እኔ መሆኔን ልብ በሉልኝ።

እንግዲህ በ2016 ሰኔ ላይ እንዲህ ሆነ። ለማዳበሪያ የሚሆን 3,000 ብር ልልክላት ቃል ገብቼ ነበር፤ “ደመወዝ እንደተቀበልኩ” ብዬ። ደመወዝ ገባ። ደመወዝም እንደ ልማዱ እግር አውጥቶ ሄደ። ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ፤ እታለም። ለምን እንደደወለች አውቃለሁ። አላነሣሁም። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። አሁን እንደገና እንደምትደውል ታወቀኝ። ምን እላታለሁ? “ገንዘቡን ነካክቼዋለሁ” እላለሁ? ያን ጊዜ ስልኩን ዘጋሁት። ባትሪው ላይ 78 በመቶ ነበረ። ዓይኔ አይቶታል፤ እንደ ልማዴ።

ማታ ከፈትኩት። እሁድ ብደውል የእሷ ዝግ ነው። ሰኞ አንድ ሺህ ብር ተበድሬ፣ ካለኝ ጋር ደምሬ ላክሁላት። ማክሰኞ ማታ አገኘኋት። “ምነው እታለም፣ ቅዳሜ ደውለሽ ነበር እንዴ? ባትሪዬ አልቆብኝ ነው እኮ።” እሷም ምን አለች? “አይ ልጄ፣ ገባኝ እንጂ። ባትሪ ካለቀ ምን ይደረጋል!” ከዚያ ስለ ዝናቡ ነገረችኝ፣ ስለ ጎረቤት ለቅሶ ነገረችኝ፤ በመሃል በእግረ መንገድ በጓን መሸጧን ነገረችኝ። የማዳበሪያው መክፈያ የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበርና፣ ልትወልድ ሁለት ሳምንት የቀራትን በግ ለአንድ ነጋዴ አውጥታ ሰጠች። በርካሽ። ወቀሳ የሚባል ነገር በድምጿ ውስጥ የለም። እንዲያውም የላክሁትን ገንዘብ “ለምን ተቸገርክ፣ አልፎ የለ?” አለችኝ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ እኔም እንደ ሌሎቹ ውሸቶቼ እረሳው ነበር። አላበቃም። መስከረም ላይ አንድ የአገር ልጅ ቢሮዬ ድረስ በፌስታል የተጠቀለለ ዕቃ ይዞ መጣ፤ “አክስትህ ናቸው የላኩት” ብሎ። ብፈታው ፓወር ባንክ! ጅዳ ያለችው ልጇ ለእሷ ብላ፣ በሚመጣ ሰው እጅ የላከችላት ነው። ወዲያው ደወልኩ። አልተገኘችም። ቅዳሜ ደወለች። “እታለም፣ ይኼ እኮ ላንቺ ነው የተላከው!” “የኔማ ዘግቼ ካስቀመጥኩት ሳምንት ይቆያል። ያንተ ነው ቶሎ የሚያልቀው። ሥራ አለብህ፣ ሰው ይፈልግሃል።”

ያቺን ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኳት። አራት ትናንሽ መብራቶች አሏት። ምን ብዬ ልሰካት?

ነገሩን ለዚያ ስለ ጨጓራዬ ለሚቆረቆረው ወዳጄ ማኪያቶ ላይ አጫወትኩት። ሳቀብኝ። “አንተ ሰው፣ ይኼ እኮ ውሸት አይባልም፤ ሥርዓት ነው” አለኝ። “‘ደህና ነህ?’ ሲሉህ ታምመህም ቢሆን ‘ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን’ ትላለህ። ተዋሸሁ የሚል አለ? ‘ብሉ’ ሲሉህ እየራበህ ‘አሁን በላሁ’ ትላለህ። ባትሪ አለቀ ማለትም እንዲሁ ነው። ሰውየውን ‘ላነጋግርህ አልፈልግም’ ከማለት ‘ባትሪ አለቀ’ ማለት ይሻላል። ፊት አለመንሳት ነው። ይሉኝታ ነው።”

ወዳጄ የሚናቅ ሰው አይደለም፤ ነገሩም የሚናቅ አይደለም። ሁለቱም ወገን እንደማይሆን የሚያውቁት ነገር በእርግጥ ውሸት አይባልም። እኔ ለእሱ “ባትሪ አልቆ ነው” ብለው ያውቃል፤ እሱም ለእኔ ሲል አውቃለሁ። ትርጉሙ “አሁን ተወኝ” ማለት ነው። እታለም ግን አላወቀችም! ማስረጃው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ሥርዓት ነው ብሎ የሰማ ሰው ፓወር ባንክ አይልክም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው አንድ ጽሑፍ፣ ወዳጅህን ሊገድል የሚያሳድድ ሰው በርህን አንኳኩቶ “እዚህ ነው ያለው?” ቢልህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም ብሎ ተከራክሯል። አብዛኛው ሰው ይኼን ሲሰማ “ኧረ ወዲያ!” ይላል፤ እኔም እላለሁ። ወዳጄን ደብቄ “አላየሁትም” ብዬ ምዬ እገዘታለሁ። ነገር ግን የካንትን ምሳሌ እያነሣን ስንስቅ አንድ ነገር እናልፋለን፤ አብዛኞቻችን በር ላይ ነፍሰ ገዳይ ቆሞብን አያውቅም። እኔ በር ላይ የቆመችው አክስቴ ነበረች። ከእሷ የደበቅኩት ደግሞ ራሴን ነው። ይሉኝታ የምንለውም ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ “እሷ እንዳይከፋት ብዬ ነው” እንላለን። ኧረ እንዳላፍር ብዬ ነው።

ደግሞም ካንት አንድ ትክክል ያለው ነገር ያለ ይመስለኛል። ውሸት የሚሠራው እውነት ስላለ ብቻ ነው፤ ሐሰተኛ ብር የሚገዛው እውነተኛ ብር ስላለ እንደሆነው ሁሉ። “ባትሪ አልቆ ነው” የሚባለውን ቃል የሚያስከብሩት እነማን ናቸው? ባትሪ የእውነት የሚያልቅባቸው ሰዎች ናቸው። 2 ሰዓት ተኩል ተጉዘው፣ 10 ብር ከፍለው፣ ፕላስተር ተለጥፎላቸው የሚጠብቁ። እኔ ሶኬት ሥር ተቀምጬ 78 በመቶ ይዤ የተጠቀምኩት በእነሱ ችግር ነው። የእታለምን ችግር ወስጄ ለእታለም መልሼ ሸጥኩላት። ማመኗም ከዚህ ነው፤ በሷ የሚደርስ ነገር ነዋ! ሌላ ውሸት ብዋሽ፣ “ስብሰባ” ብላት ኖሮ፣ ይኼን ያህል አላፍርም ነበር መሰለኝ። እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይኼ ነው፤ አዎ፣ ይከብዳል።

“ለበጎ ነው የደበቅኩት” የሚለውን ነገር ሳስብ የአፕል ታሪክ ይመጣብኛል። ባትሪ ሲያረጅ በአንዴ ብዙ ኃይል መስጠት ያቅተዋል፤ ስልኩ 30 በመቶ እያለው ድንገት ድርግም ይላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ይኼን ለመከላከል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን አንዳንድ ጊዜ ቀስ ብለው እንዲሠሩ አደረገ። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም፤ አንካሳ ፈረስ አታስጋልብ እንደማለት ነው። ግን በግልጽ አልተናገረም። ሰው ስልኬ አረጀ እያለ አዲስ ይገዛ ጀመር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነገሩ ሲወጣ ኩባንያው አመነ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ዶላር ወደ 29 አወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለቀረበበት የጋራ ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ብዙ ሰው የተናደደው ስልኩ በመዘግየቱ አይመስለኝም። ባትሪውን ቢቀይር ስልኩ እንደሚድን ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ውሳኔ ይወስን ነበር። የተወሰደበት ምርጫው ነው። ይኼን ያነበብኩት ድሮ ነው፤ የገባኝ ግን እታለም አዲስ አበባ ስትመጣ ነው።

በነገራችን ላይ ሁልጊዜ ስልክ ማንሣት አለብን እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን አምናለሁ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልክና ከኢሜይል የመራቅ መብት እንዲኖረው በሕግ ደንግገዋል። እሰየው። ሰው ባትሪ አይደለም፣ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይኖርም። ግን የእነሱ ሕግ “አሁን አልገኝም” ብሎ በግልጽ የመናገር ሕግ ነው። እኛ “አሁን አልችልም”ን ከስድብ ስለቆጠርነው ነው ሁላችንም ባትሪ የሚያልቅብን።

እታለም በ2017 ጥር ለዘመድ ሠርግ መጣች። እኔ ቤት አረፈች። ማታ ስልኳን ተቀብዬ ሶኬት ላይ ሰካሁላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። “እታለም፣ ያን ጊዜ ሰኔ ላይ ባትሪዬ አላለቀም ነበር” አልኳት። እንዲሁ፣ ያለ መግቢያ። ነጠላዋን አስተካከለች። ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘመብኝ።

“ታዲያ ምን ነበር?”

“ገንዘቡን አጥፍቼው… አፈርኩ።”

“በኔ?”

ምን ይመለሳል?

“የለኝም ብትለኝ ኖሮ” አለች ቆይታ፣ “ከበላይነሽ እበደር ነበር። እሷም ገበያ ነበረች። ጠዋት በግ ውድ ነበር፤ ልሽጥም ብል ጥሩ አወጣ ነበር። ስልኩ ተዘጋ ሲለኝ፣ አሁን ይከፍታል፣ አሁን ይከፍታል ብዬ፣ ከሱቁ ደጃፍ ሳልነቃነቅ ገበያው ተበተነ።”

እኔ እኮ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የበደልኳት 3,000 ብር በማዘግየቴ ይመስለኝ ነበር። ገንዘቡን ሰኞ ከፍያለሁ። ያን ቀን የዘጋሁባት ግን ሌላ ነው። እውነቱን ብታውቅ ልታደርገው የምትችለው ነገር ነበራት፤ ሁለት መንገድ ነበራት። እኔ ሁለቱንም ይዤ፣ 78 በመቶ ባለው ስልክ ውስጥ ቆልፌባት፣ ከሱቅ ደጃፍ አቆምኳት።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንበትም። ቡና አፈላች። ሠርጉ ላይ ጨፈረች፤ እኔንም ጎትታ አስጨፈረችኝ። ልትሄድ ስትል ፓወር ባንኩን አውጥቼ ሰጠኋት። “አይሆንም” ትለኛለች፣ እንጨቃጨቃለን ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ተቀበለችኝ። “ጥሩ፣ ለመብራቱም ይሆነኛል” ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እንዲህ ያለ ዕቃ ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቢቀመጥ ዕድሜው እንደሚረዝም አውቃለሁ። ሌሊቱን ሰክቼው አድሬ ነው፤ አራቱም መብራት በርቶ።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀ ሰሞን “5,000 ሜጋ ዋት አለ ይላሉ፤ ከዚያ ውስጥ የኛ ቤት የቱ ጋ ነው?” ብላ ጠይቃኛለች። መልስ አልነበረኝም፤ አልነበረኝም አልኳት። ገንዘብ ስትፈልግ ደግሞ ነገሯን የምትጀምርበት አዲስ ዘዴ አላት፤ “አለህ ወይስ የለህም? ከሌለህ በጊዜ ንገረኝ” ትላለች። ያን ስትል ፊቴን ይሞቀኛል፤ ግን እነግራታለሁ።

በቀደም ዕለት ማታ ደወለች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስዞር ውዬ፣ ሰፈራችን ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ፣ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አድርጌ ስልኬ 11 በመቶ ላይ ደርሷል። መብራቱ የመጣው ገና አሁን ነው። “እታለም” አልኳት፣ “ስልኬ ሊዘጋ ነው፣ ባትሪው እያለቀ ነው።”

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቅ የተቀላቀለበት ድምፅ ሰማሁ።

“የእውነትህን ነው?”

ቻርጀሩን ፈልጌ ሰካሁትና ግድግዳው ሥር፣ ሽቦው እስከደረሰበት፣ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ቻርጅ ላይ እያለ ማውራት ስልኩን ያሞቀዋል። ጆሮዬ ላይ ፈጀኝ። 47 ደቂቃ አወራን፤ መጨረሻ ላይ የዘጋው የእሷ ነው።